የውኃ ዳሯ መንደር ሰላም በማን ትከሻ ላይ ቆሟል? «ዘ ዋን ሪንግ» የተባለው የሚና ጨዋታ ማስጀመሪያ ሳጥን ሲገመገም

በምናባዊ የሚና ጨዋታዎች ዓለም ሰላማዊ መንደር አብዛኛውን ጊዜ የምትሳለው ልትቃጠል ነው። ጀግናው ይወለድባታል፣ ያድግባታል፤ አንድ ሌሊት ጠላት መጥቶ ያወድማታል፤ እሱም ቂሙን ሰንቆ፣ ሰይፉን ታጥቆ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ መንደሯን የሚያስታውሳት የለም። የስዊድኑ አሳታሚ ፍሪ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ ያቀረበው የ«ዘ ዋን ሪንግ» ማስጀመሪያ ሳጥን ይህን ልማድ ገልብጦታል። እዚህ መንደሯ የጨዋታው ዋና ጉዳይ ናት፤ ጀግኖቹ የሚወጡት ለመመለስ ነው፤ ሲመለሱም ቤታቸው ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ሰላምን ራሱን የሚጫወቱት ነገር ማድረግ ከባድ ሥራ ነው፤ ሳጥኑም ተሳክቶለታል። ያን ሰላም በትከሻቸው የተሸከሙትን ሰዎች ግን ከገበታው ውጭ ትቷቸዋል። ይህ ጉድለት ለእኛ፣ በተለይም ጂቡቲ ሀራሙስ ተቀምጠን ለተጫወትነው ሰዎች፣ እንዲሁ ሊታለፍ የማይችል ነው።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። የሚና ጨዋታ ሰዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው በጋራ የሚፈጥሩት ታሪክ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ አገሩን ይገልጻል፣ በባለሱቁም በአውሬውም አፍ ይናገራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «ይህን አደርጋለሁ፣ እንዲህ እላለሁ» ይላሉ። ይሳካ አይሳካ በማይታወቅበት ቦታ ዳይስ ይጣላል። ጨዋታው በዚህ መልኩ የታወቀው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ባሳተሙት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። በዚያ የመጀመሪያ እትም ሆቢቶች ነበሩበት። ሆቢቶች እንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1937 ባወጣው «ሆቢት» መጽሐፍ የፈጠራቸው፣ ቁመታቸው የሰው እኩሌታ የሆነ፣ ምግብና ቤት ወዳድ ፍጡራን ናቸው። የቶልኪን ሥራ መብት ባለቤቶች ሲቃወሙ ጨዋታው ስማቸውን ለውጦ ሃፍሊንግ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ሃፍሊንጎች በየጨዋታው ዓለም የሚሰጣቸው ሰፈር ተመሳሳይ ነው፦ ለምለም መስክ፣ ውኃ ዳር፣ ሙሉ ጎተራ። በጋይጋክስ የግሬይሆክ ዓለም ውስጥ በኒር ዲቭ ሐይቅ ዳርቻ ያለችው የሃፍሊንጎች ከተማ ኤልምሻየር አንዷ ምሳሌ ናት። የሁሉም ምንጭ ግን የቶልኪን ሆቢቶች አገር፣ ሻየር፣ ነው፤ ይህ ሳጥን የሚወስደንም በቀጥታ ወደዚያው ነው።

በሳጥኑ ውስጥ የደንብ መጽሐፍ፣ ሻየርን ወረዳ በወረዳ የሚያስጎበኝ መጽሐፍ፣ የታሪኮች መጽሐፍ፣ ትልቅ ካርታ፣ ዳይሶችና አስቀድመው የተዘጋጁ የገጸ ባሕርያት ቅጾች አሉ። የጨዋታው ዋና ቀማሪ ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ኔፒቴሎ ነው። የመጀመሪያው እትም በ2011 የወጣ ሲሆን ይህ የሁለተኛው እትም መግቢያ ነው። ከሦስቱ መጻሕፍት ምርጡ ሻየርን የሚያስጎበኘው ነው። አራቱን ወረዳዎችና ከወንዙ ማዶ ያለውን ባክላንድን እየዞረ ያሳየናል። እያንዳንዱ ቦታ ተራኪው ሊያነሣው የሚችል አንድ ትንሽ ነገር ይዟል፤ ሐሜት፣ የጠፋ ዕቃ፣ የቤተሰብ ቅሬታ። የዓለምን መጥፋት የሚያውጅ የለም። ታሪኮቹም እንዲሁ ናቸው፤ የ«ሆቢት» መጽሐፍ ጀግና ቢልቦ ባጊንስ ወጣቶቹን ይልካቸዋል፤ ጠብ ጥቂት ነው፣ መንገድ ብዙ ነው።

የዘመኑ ምርጫ ብልህነት የተሞላበት ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በቶልኪን አቆጣጠር በሦስተኛው ዘመን 2960 ገደማ ነው። ቢልቦ ከጉዞው ከተመለሰ ሃያ ዓመት አልሞላም፤ በ«የቀለበቶቹ ጌታ» መጽሐፍ የሚተረከው የቀለበቱ ጦርነት ሊነሣ ደግሞ ወደ ስድሳ ዓመት ይቀራል። የመንደሩ ሽማግሌዎች የ2911ን ክፉ ክረምት ያስታውሳሉ፤ ያኔ የብራንዲዋይን ወንዝ በብርድ ረግቶ ነጭ ተኩላዎች በላዩ ተሻግረው ገብተዋል። አጥር የነበረው ውኃ በአንድ ወቅት ድልድይ ሆነ። ሻየርን እንደ ገነት ለሚያይ ተጫዋች ይህን ትዝታ ማንሣት ይበጃል፤ ሰላሙ እውነተኛ ነው፣ ግን በሁለት መከራዎች መካከል ያለ እፎይታ ነው።

የውኃ ዳር መንደር ካልን ባይወተርን መመልከት አለብን። ባይወተር ከቢልቦ መንደር ከሆቢተን አጠገብ፣ ሰፊ ኩሬ ዳር ያረፈች ናት፤ ግሪን ድራገን የሚባለው መጠጥ ቤት ያለው እዚያ ነው። ወሬ የሚበጠረው፣ ዘፈን የሚዘፈነው፣ ጎረቤት የሚታማው እዚያው ነው። በቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» መጨረሻ ላይ ግን የጦርነቱ የመጨረሻ ውጊያ የተደረገው በዚችው መንደር ነው። ሰባ የሚጠጉ ወሮበሎችና 19 ሆቢቶች ሞተውባታል። ቶልኪን ሰላማዊዋን መንደር አላቃጠላትም፤ ነዋሪዎቿ ራሳቸው ተነሥተው እንዲያስመልሷት አደረገ። የባይወተርን ሰላም በዚህ ሳጥን ስንጫወት ከስድሳ ዓመት በኋላ የሚከፈለውን ዋጋ እናውቃለን። የቅጾቹም ምርጫ ይህን ስሜት ያጠነክረዋል። ድሮጎ ባጊንስና ፕሪሙላ ብራንዲባክ የዚያ መጽሐፍ ጀግና የፍሮዶ ወላጆች ይሆናሉ፤ በ2980 ጀልባ ላይ ሳሉ በብራንዲዋይን ወንዝ ሰጥመው ይሞታሉ። ፓላዲን ቱክ የፍሮዶ ጓደኛ የፒፒን አባት፣ ኤስሜራልዳ ቱክ የሌላው ጓደኛው የሜሪ እናት ይሆናሉ። መጽሐፉን ያነበበ ተጫዋች ድሮጎ ጀልባ ላይ እግሩን ሲያነሣ ዝም ብሎ ሊያየው አይችልም። ኔፒቴሎና ባልደረቦቹ አስፈሪ ጭራቅ ሳያመጡ ውኃውን ብቻ በማሳየት ልብን ያስጨንቃሉ።

የደንቡ ጥበብ ከዚህ ጋር ይሄዳል። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ 18 ክህሎቶች አሉት፤ ከእነርሱ መካከል ዘፈን፣ ጨዋነት፣ ማበረታታትና እንቆቅልሽ ይገኛሉ። ሌሎች ጨዋታዎች ስንት ሰው ትገድላለህ ብለው በሚጠይቁበት ቦታ ይህ ጨዋታ እንግዳ እንዴት ትቀበላለህ ይላል። ዋናው ዳይስ ባለ 12 ፊት ሲሆን አንዱ ፊቱ የጠንቋዩ የጋንዳልፍ ምልክት፣ አንዱ ደግሞ የክፉው ገዥ የሳውሮን ዓይን ነው። መልካም ዕድልና ክፉ ዓይን ሁልጊዜ በአንድ ዳይስ ላይ አብረው ይንከባለላሉ። ሳጥኑ ይህን ቀለል አድርጎ ያስተዋውቃል፤ በሙሉው የደንብ መጽሐፍ ደግሞ ተስፋና ጥላ የሚባሉ ሁለት መለኪያዎች ይፋለማሉ። ተስፋ የችግር ጊዜ ስንቅ ነው፤ ሲወጣ ያልቃል። ጥላ ክፋትን ከማየትና ከመሥራት ይከማቻል። ጥላው ተስፋውን የደረሰበት ሰው ይጎሳቆላል። ጓደኞቹ ከመንገድ ተመልሰው አብረው ሲያርፉ ተስፋ ይታደሳል፤ ለዚህም ጨዋታው ራሱን የቻለ የዕረፍት ምዕራፍ አለው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚለው ብሂላችን እዚህ በቁጥር ተተርጉሞ ይገኛል። ቤት መመለስ በሌሎች ጨዋታዎች የሚዘለል ነው፤ እዚህ ግን ያላረፈ ጀግና ይሰበራል።

እኛ የተጫወትነው በአማርኛ ነበር፤ ከሁሉ የተሻለ የሠራልን ክህሎት እንቆቅልሽ ሆነ። ደንቡ ዳይስ ጣል ይላል፤ እኛ ግን «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልህ» ብለን ጀመርን፤ መመለስ ያልቻለው እንደ ልጅነታችን አገር ሰጠ። አንድ የሆቢት ሽማግሌ በእንቆቅልሽ ተረትቶ የመንደሩን ግማሽ ሲያስረክብ ጨዋታው ከመጽሐፉ ወጥቶ የእኛ ሆነ። ደንቡ ይህን ለማስተናገድ የሚበቃ ቦታ ትቷል፤ ለሌላ ቋንቋና ለሌላ ባህል መተጣጠፉም ከጥንካሬዎቹ አንዱ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንምጣ። በሳጥኑ ያሉትን የሆቢት ቅጾች ዘርግታችሁ የቤተሰብ ስማቸውን አንብቡ፦ ባጊንስ፣ ቱክ፣ ብራንዲባክ። ሁሉም ባለ ርስት፣ ባለ ጓዳ፣ ስማቸው የታወቀ ቤተሰቦች ናቸው። ከቅጾቹ አንዷ የሆነችው ሎቤሊያ እንኳን ከደኅና ቤት የወጣች ናት። አትክልተኛ የለም፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራ የለም፣ የሰው ቤት የምታበስል የለችም። ሳጥኑ አዲስ ገጸ ባሕርይ መፍጠሪያ ደንብ ስለሌለው ተጫዋቹ ራሱ ሊያስገባቸው አይችልም፤ ሙሉውን መጽሐፍ መግዛት አለበት። ቶልኪን ግን ይህን አልዘነጋም። በመጽሐፉ የሳውሮን ቀለበት ሊጠፋ የቻለው በአትክልተኛው በሳም ጋምጂ ትከሻ ነው። ጨዋታው የወረሰው የጌቶቹን ጓዳ ነው፤ የሳምን ጀርባ አልወረሰም።

ሁለተኛው መቅረት የጠባቂዎቹ ነው። በቶልኪን ታሪክ ሻየር ለሆቢቶች የተሰጠው በ1601 በንጉሥ አርጌሌብ ዳግማዊ ሲሆን ግዴታ ነበረበት፦ ታላቁን ድልድይና መንገዶቹን መጠገን፣ የንጉሡን መልእክተኞች መርዳት፣ ገዥነቱን ማወቅ። መንግሥቱ ከፈረሰ በኋላ ሆቢቶቹ የሚጠብቋቸውን ሰዎች ረሱ። ለአገር ውስጥ ሥራ የቀሯቸው 12 የሰላም አስከባሪዎች ብቻ ነበሩ፤ ለአራቱ ወረዳ ሦስት ሦስት። ድንበሩን ሌት ተቀን የጠበቁት የዚያ የፈረሰ መንግሥት ዘሮች፣ ሬንጀር የሚባሉት ተንከራታቾች ናቸው። ሆቢቶቹ አያመሰግኗቸውም፤ በጎረቤቷ በብሪ ያሉ ሰዎች ሲያዩአቸው ይጠራጠሯቸዋል። የሳውሮን አገልጋዮች የሆኑት ጥቁሮቹ ፈረሰኞች በመጡ ጊዜ በሳርን ፎርድ መሻገሪያ የተጋፈጧቸው እነርሱ ናቸው። በሳጥኑ ካሉት ቅጾች አንዱ እንኳን የሬንጀር አይደለም። መነሻው የሆቢቶች ታሪክ ነው የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ግን ለውጭ ሰው ቦታ ያልጠፋ መሆኑን ድንክየው ባሊን ከቅጾቹ መካከል መገኘቱ ያሳያል። ሰላምን ማዕከላዊ ጉዳዩ ያደረገ ጨዋታ ሰላሙን በነፍሱ የሚከፍለውን ሰው አንድ ወረቀት መንፈግ አልነበረበትም።

ይህ ጥያቄ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ሻየር ከመጻፉ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ፣ በ1759፣ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» በተባለው መጽሐፉ በአማራ ምድር ላይ አንድ የደስታ ሸለቆ ፈጥሮ ነበር። ሸለቆው በተራራ ተከቧል፤ ምንጮች ከየአቅጣጫው ወርደው መካከሉ ላይ ሐይቅ ይሠራሉ፤ ዓሣውና ወፉ ሞልቷል፤ መግቢያው በብረት በር ተዘግቷል። የንጉሡ ልጆች ምንም ሳይጎድላቸው ይኖሩበታል፤ የገባ ግን አይወጣም። ጆንሰን ይህን ከምንም አላመጣውም። በ1735 የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር፤ ሎቦ በ1625 ከቀይ ባሕር ዳር ከበይሉል ተነሥቶ የአፋርን ቆላ አቋርጦ ወደ ደጋው የወጣ ሰው ነው። የንጉሥ ልጆች በተራራ ላይ መታሰራቸውም እውነት ነበር፤ አምባ ግሼን እስከ አሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን ጦርነት ድረስ የመሳፍንቱ መጋዣ ነበረች። በኋላ ሲራክ ኅሩይ «ራሴላስን» ወደ አማርኛ መልሶት በቋንቋችን ለመነበብ በቅቷል።

ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ማንበብ የሳጥኑን ውበትም ድክመትም ያጎላዋል። የጆንሰን ልዑል ሰላሙ ታክቶት ተራራውን ቆፍሮ ይወጣል፤ ወደ ባሕር ወርዶ በመርከብ ወደ ሱዌዝ፣ ከዚያ ወደ ካይሮ ይሄዳል። ቤቱን የሚወድ ሰው አይደለም። ኔፒቴሎ ቤትን የሚወድ ጀግና ስለሰጠን በዚህ ከጆንሰን ይበልጣል፤ የቤት ፍቅር ከመሰልቸት የተሻለ የጉዞ ምክንያት ነው። በሌላው ግን ጆንሰን ይበልጣል። የሸለቆውን የብረት በር አሳይቶናል። ልዑላኑን ለማስደሰት ወደ ሸለቆው የሚገቡት ዘፋኞችና ተጫዋቾች ከተመረጡ በኋላ መውጫ እንደሌላቸው ነግሮናል። ምቾቱ በማን ዕድሜ እንደተገዛ ሳይነግረን አላለፈም።

ሀራሙስ ላይ ሆኖ ይህን ማንበብ ነገሩን ቅርብ ያደርገዋል። ሀራሙስ በጂቡቲ ከተማ ጸጥ ካሉትና ከደላቸው ሰፈሮች አንዱ ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ ያለው እዚህ ነው፤ ቪላዎቹ ግቢያቸው ሰፊ፣ አጥራቸው ከፍ ያለ ነው። ጸጥታው ደስ ይላል፤ ልጅ ይዞ አመሻሽ ላይ ለመንሸራሸር ይመቻል። በየበሩ ግን በሙቀቱ የተቀመጠ ዘበኛ አለ፤ በብዙዎቹ ጓዳዎች ውስጥ ደግሞ ከኢትዮጵያ የመጣች እህት ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ የሰው ልጅ ታሳድጋለች፤ ለራሷ ልጅ ደግሞ ብር ትልካለች። እየተጫወትን ሳለ ድሮጎን የያዘችው ጓደኛችን የሆቢቶቹ የምሳ ዝርዝር ሲነበብ «ይህን ሁሉ ማን ነው የሚሠራው?» ብላ ጠየቀች። ተራኪው መጽሐፉን አገላበጠ፤ የሚመልስለት ገጽ አላገኘም። ጥያቄዋ ጨዋታውን አላበላሸውም፤ ከዚያ በኋላ ነበር ሻየር ሰዎች የሚኖሩበት አገር የመሰለን።

ጉድለቱን ለመሙላት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የሳጥኑን ደንብ ይዞ ወደ ጣና መሄድ ይበቃል። ለውኃ ዳር ሰላማዊ መንደር ከዘጌ የተሻለ ንድፍ የለም። በቡና ጫካ የተሸፈነች ባሕረ ገብ መሬት ናት፤ በአቡነ በትረ ማርያም እንደተሠራ በሚነገረው ሥርዓት በሬ አይጠመድባትም፣ ከብት አይረባባትም። ጫካው የቆየው ሰዎች ትውልድ በትውልድ ይህን ክልከላ ስለጠበቁ ነው። በደሴቶቹ ገዳማት የነገሥታት አፅምና የብራና መጻሕፍት አሉ፤ በክፉ ዘመን ቅርስ የተሸሸገው ወደ እነርሱ ነው። የሐይቁን ታንኳ ከደንገል እየሠሩ፣ ዓሣ እያጠመዱ፣ ጉማሬ እያደኑ የኖሩት ነገደ ወይጦዎች ደግሞ በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ማዕድ የማይካፈሉ ተደርገው ተገለው ኖረዋል። ታንኳውን ሁሉ ይሳፈርበታል፤ ሠሪው ግን ከማዕዱ አይቀርብም። ይህን የያዘ ታሪክ ተጫዋቹን ከየትኛውም ዘንዶ በላይ ይፈትነዋል፤ እንግዳ እንዴት ትቀበላለህ የሚለው የጨዋነት ክህሎት ዳይስ የሚጣልበት እውነተኛ ቦታ ይኸው ነው።

ጠላቱም ጦረኛ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ገደማ ጀምሮ በጣና ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ ሰይፍ የማይቆርጠው ወራሪ ነው፤ ውኃውን ይሸፍናል፣ መረቡን ይይዛል፣ ጀልባውን ያግዳል። ገበሬውና ወጣቱ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ ተመልሶ በቅሏል፤ ተመልሶ ነቅሏል። የተስፋና የጥላ ደንብ ለእንዲህ ያለ ትግል በትክክል ይስማማል፤ ድል አንድ ጊዜ ተገኝቶ የሚያበቃ አይደለም፣ የሚደክመውን የሚያነሣው የጓደኛው ዘፈን ነው። ኔፒቴሎ የሠራው መሣሪያ ይህን ያህል ሸክም መሸከም ይችላል፤ ሳጥኑ የጫነበት ግን ከአቅሙ በታች ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ለሚና ጨዋታ አዲስ ለሆነ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ደም ማፍሰስን ሳያስተምር ድፍረትን ያስተምራል፤ ልጅም አያትም እኩል ይጫወቱበታል፤ ቤትን መውደድ ፍርሃት ሳይሆን ጉልበት መሆኑን በደንቡ ያረጋግጣል። ተራኪ የሚሆን ሰው ግን ሁለት ነገር ይጨምርበት። አንደኛ፣ ከሀብታሞቹ ቅጾች ጎን ለአንድ አትክልተኛና ለአንድ ድንበር ጠባቂ ወረቀት አዘጋጅቶ ገበታው ላይ ያስቀምጥ። ሁለተኛ፣ ጓደኞቹ ከመንገድ ተመልሰው በሚያርፉበት ምዕራፍ ሁሉ፣ ተስፋቸው ከመታደሱ በፊት፣ እኛ በሌለንበት ይህን ቤት ማን ጠበቀው ብለው እንዲጠይቁና የዚያን ሰው ስም እንዲጠሩ ያድርግ። ስሙን ያልጠሩለት ሰው ሲደክመው የሚያግዘው አያገኝም፤ እሱ የወደቀ ቀን ደግሞ መንደሯ ለምን እንደወደቀች የሚያውቅ ነዋሪ አይኖራትም። ሰላሙ በማን ላይ እንደቆመ የሚያውቅ ተጫዋች ግን ሊጠብቀውም ሊያካፍለውም ይችላል።